ቤት መሥራት ወይስ እህል ማከፋፈል፦ ወደ ወሎ ለሚደረግ ክርስቲያናዊ የበጎ ፈቃድ ጉዞ የንጽጽር መመሪያ

ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር ተነሥተው በቤተ ክርስቲያን ወይም በክርስቲያናዊ ድርጅት በኩል ወደ ወሎ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት መሄድ ለሚፈልጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ጥሪ ይቀርብላቸዋል። አንደኛው የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ወይም እንደ አዲስ መሥራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለተቸገሩ ቤተሰቦች የምግብ እህል ማከፋፈል ነው። ሁለቱ በአንድ ማስታወቂያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ዕረፍት ውስጥ የሚያልቁ ስለሚመስሉ፣ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ቀኑ የተመቸውን ወይም ጓደኞቹ የተመዘገቡበትን ነው። ይሁንና ሥራዎቹ በሚጠይቁት ሙያ፣ በሚስማማቸው ወቅት፣ በሚወስዱት ገንዘብና ከሁሉም በላይ ሲበላሹ በሚያደርሱት ጉዳት እጅግ ይለያያሉ። አቋሜን ከወዲሁ ለማስታወቅ ያህል፣ ልዩ ሙያ ለሌለውና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ቤቱ ይሻላል እላለሁ፤ የእህል ስርጭት መዝገብ ለሚይዝ፣ ሚዛን ለሚጠብቅና አቤቱታ ለሚያደምጥ ሰው እንጂ ጆንያ ለመሸከም ለሚመጣ ሰው የሚሆን አይደለም።

ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። ወሎ የጉልበት እጥረት ያለበት አገር አይደለም። ቤት የተቃጠለበትን ወይም ጣሪያ የተነሣበትን ጎረቤት በደቦ ማቋቋም የቆየ ልማድ ነው፤ ሌላው አካባቢ ዕድር የሚለውንና በወሎ ቅሬ የሚባለውን ማኅበር የሚያውቅ ሰው፣ ሐዘን በደረሰበት ቤት ድንኳኑም እንጨቱም ውኃውም በሰዓታት ውስጥ እንደሚሟላ ያውቃል። የጎደለው ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የደረቀ ባሕር ዛፍ፣ የግንበኛና የአናጺ አበል፣ እንዲሁም የእህሉ መግዣ ነው። ስለዚህ አንድ ጉዞ ሲመዘን የመጀመሪያው መለኪያ «ስንት ሰው ይሄዳል?» ሳይሆን «ከሰዎቹ ጋር ምን ያህል ቁሳቁስ ይደርሳል?» የሚለው ነው።

የወሎ ሕዝብ እርዳታንና እርዳታ ሰጪን ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ1966ቱ ረሃብ ምክንያት ነው አብያተ ክርስቲያናትና ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ተሰባስበው የክርስቲያን የርዳታና የልማት ማኅበርን ያቋቋሙት፤ በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም የዓለም መነጋገሪያ ሆናለች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሳይቀር ካዳረሰ በኋላ፣ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች እንደ ጃራ ባሉ መጠለያዎች ከሰፈሩ ወዲህ፣ የእርዳታ መኪና አዲስ ነገር አይደለም። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ጆንያው ላይ የተጻፈውን ባያነቡ እንኳን ዘንድሮ የመጣው ቡድን ከርሞም ይመጣ እንደሆነና እንዳልሆነ በአንድ ቀን ያውቃሉ።

ቤቱ

በወሎ «ቤት» ሲባል አንድ ዓይነት ቤት ማለት አይደለም። በደላንታ፣ በመቄት፣ በዋድላና በለጋምቦ ደጋዎች በድንጋይና በጭቃ የሚገነባ ግድግዳ የተለመደ ሲሆን፣ እንደ ቃሉና ሀብሩ ባሉ ዝቅ ያሉ ወረዳዎች በእንጨትና በጭቃ የሚሠራው ይበዛል። ልዩነቱ ለበጎ ፈቃደኛው ትልቅ ትርጉም አለው። የድንጋይ ግድግዳ የግንበኛ ሥራ ነው፤ ማዕዘኑን የሚያይ፣ ድንጋዩን አገላብጦ ፊቱን የሚያወጣለት ባለሙያ ካልያዘው ክረምቱ ያወርደዋል፤ እንግዳው ድንጋይ ከማቀበልና ጭቃ ከማቡካት ያለፈ ድርሻ የለውም። በእንጨትና ጭቃ ቤት ግን አናጺው ምሰሶውን ካቆመና ማገሩን ካስመታ በኋላ ብዙ እጅ የሚፈልግ ሥራ አለ፤ ልምድ የሌለው ሰውም በግማሽ ቀን ውስጥ ይለምደዋል።

የማስታወቂያው «አንድ ሳምንት» የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ለምርግ የሚሆነው አፈር ተቆፍሮ በውኃ ከራሰ በኋላ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበትና ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ በመካከሉም በእግር እየተረገጠ ይገላበጣል። ሳይቦካ ግድግዳ ላይ የወጣ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ጎኑን እየለቀቀ ይረግፋል። የመጀመሪያው ምርግ ማገሩን ከሸፈነ በኋላ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ ሁለተኛው ምርግ የሚመታው በመጀመሪያው ላይ የወጡትን ስንጥቆች ለመድፈን ነው፤ ማለስለሱና በእበት መለቅለቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ሁሉ በስድስት የሥራ ቀን አያልቅም። ስለዚህ ለጉዞው አዘጋጅ መቅረብ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ቡድኑ ከመድረሱ በፊት ጭቃውን የሚያቦካው ማን ነው? ቡድኑ ከተመለሰ በኋላስ ሁለተኛውን ምርግ የሚመታው ማን ነው? ለሁለቱም በስም የሚታወቅ የአካባቢ ሰውና የተያዘ አበል ካለ ጉዞው በሥራ አዋቂ የተሰናዳ ነው። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል መልስ ከመጣ፣ በመንፈሳዊነቱ ባይጠረጠርም ቤቱ ግን በአንድ ግድግዳ መቅረቱ አይቀርም።

ስለ ቁሳቁሱም ዝርዝር መጠየቅ ነውር አይደለም። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ 35 ጌጅ የተገዛለት ጣሪያ በወረቀት ላይ ከ32 ጌጅ ርካሽ ሆኖ ቢታይም፣ ነፋስ በሚበዛበት የደጋ አናት ላይ ልዩነቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይታያል። ምሰሶው ቅርፊቱ ተልጦ የደረቀ መሆኑ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ጫፉም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ መሆኑ በተለይ ምስጥ በሚበዛባቸው ቆላማ ቀበሌዎች ወሳኝ ነው። እነዚህን የሚያውቀው የአካባቢው አናጺ ነው፤ በመሆኑም አናጺው በዕቅዱ ላይ ካልተማከረ ጉዞው ገና አልተዘጋጀም ማለት ይቻላል።

ከግድግዳውና ከጣሪያው በላይ ግን ብዙ ቡድን የማያነሣው ጉዳይ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በገጠር ቤቱ የሚቆምበት ቦታ በማን ስም እንዳለ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አይቶ ማወቅ ይቻላል፤ በተለይ ባሏ የሞተባት ሴት ስሟ በደብተሩ ላይ ከሌለ፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ከባል ዘመዶች ጋር የነበረውን ያረጀ ክርክር ሊቀሰቅስ ይችላል። በደሴና በኮምቦልቻ ደግሞ ብዙ አረጋውያን የሚኖሩት በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱ ወዲህ የመንግሥት በሆኑ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ነው። የቀበሌ ቤት ለማደስ የቀበሌውን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ነዋሪዋ ሲያልፉም ቤቱ ለልጆቻቸው ይተላለፍ እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የግል ኪራይ ቤት ነው። ድሃዋ ተከራይ የምትኖርበት ክፍል በበጎ ፈቃደኞች ታድሶ ሲያምር፣ አከራዩ ኪራይ ጨምሮ የሚያስወጣት ከሆነ የተረዳው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። አከራዩ ለተወሰኑ ዓመታት ኪራይ እንደማይጨምርና እንደማያስወጣት በምስክር ፊት ካልፈረመ፣ በእኔ አስተያየት ያንን ቤት አለመንካት ይሻላል።

በቤት ሥራ ዙሪያ ዓለም አቀፍ ልምድ መመልከት ለሚፈልግ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የተመሠረተውና ከ1993 ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚሠራው ክርስቲያናዊ ድርጅት ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚከተለው መንገድ ጥሩ መነሻ ነው። በዚያ አሠራር የቤቱ ባለቤት ተመልካች አይደለም፤ እርሱና ቤተሰቡ በገዛ ቤታቸው ሥራ ላይ ጉልበታቸውን ያዋጣሉ፤ ከውጭ የሚመጣው ቡድንም ከእነርሱና ከባለሙያው ሥር ሆኖ ያግዛል። በወሎም ቤተሰቡ አቅሙ የፈቀደውን፣ ውኃ በመቅዳትም ሆነ ቡና በማፍላት፣ የሚያዋጣበት ጉዞ ቤተሰቡን ገለል አድርጎ ለእንግዶች ብቻ ከተተወው ጉዞ ይበልጣል። እናቲቱ ለግንበኞቹ ቆሎና ቡና አቅርበው እምቢ ሲባሉ የሚሰማቸው ቅሬታ ቀላል አይደለምና፣ የቀረበውን መቅመስ ከሥራው የሚቆጠር ነው።

እህሉ

የእህል ስርጭት ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። እህሉ ከመኪና ይወርዳል፣ ስም ይጠራል፣ ይሰጣል። በቅርበት ሲታይ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ በእርዳታ ስርጭት የተለመደው ወርሃዊ መጠን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 0.45 ሊትር የምግብ ዘይት ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ክክ ወይም ሌላ ጥራጥሬ፣ 2.25 ሊትር ዘይት ይደርሰዋል ማለት ነው። በዚህ ስሌት 50 ኩንታል የጫነ አንድ አይሱዙ ለአንድ ወር የሚያበቃው ለ66 ቤተሰብ ያህል ብቻ ነው። «ለአንድ ቀበሌ እህል ይዘን እንሄዳለን» የሚል ቡድን ይህን ስሌት ሠርቶ ካልሆነ፣ ሁለት መቶ አባወራ ተሰልፎ ሰባ ሰው ላይ የሚያልቅ እህል ይዞ መድረሱ ነው፤ ቀሪዎቹን ፀሐይ ላይ ካቆሙ በኋላ መመለስ ደግሞ ጭራሹን ካለመሄድ የከፋ ነው።

ጆንያው 50 ኪሎ የሚይዝ መሆኑም የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። የአምስት ሰው ቤተሰብ ድርሻ አንድ ጆንያ ተኩል ስለሆነ፣ ሁለት ቤተሰቦች ሦስት ጆንያ በጋራ ተረክበው ከመጋዘኑ በር ውጭ መሬት ላይ ነጠላ አንጥፈው ይካፈላሉ። የሦስት ሰው ቤተሰብ ድርሻ 45 ኪሎ ስለሆነ ከጆንያው አምስት ኪሎ ተቀንሶ ለሌላ ይሰጣል። ይህ ክፍፍል ብዙ ጊዜ የሚከናወነው በጣሳ ነው። የጣሳው አፍ ሞልቶ ተርፎ ወይም ተድጦ እንደሆነ የሚያየው ሰው የለም፤ ከዚያ ላይ የአህያ ኪራይ፣ ቤት ሲደርስ ደግሞ የወፍጮ ክፍያ ከእህሉ ተሸጦ ይከፈላል። መኪና ላይ ቆሞ ጆንያ ከሚያቀብለው ጎረምሳ ይልቅ፣ ከበሩ ውጭ የሚሰቀል ሚዛን ይዞ የሚቆምና ለእያንዳንዷ እናት የደረሳትን የሚመዝንላት አንድ ሰው በብዙ እጥፍ ይጠቅማል። ይህን ቦታ የሚሰጥ አዘጋጅ ካለ ያ ጉዞ ሊመረጥ ይገባል፤ ካልሰጠም ሚዛኑን ይዤ ልምጣ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ዝርዝሩ ነው። የተረጂዎችን ስም የሚለየው የቀበሌ የልየታ ኮሚቴ ሲሆን፣ ስሜ ተዘለለ የሚል ሰው የሚሄድበት አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴም ይኖራል፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ ይኖራል። ከሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ጋር መደራረብ፣ ተፈናቃይ ሆነው በዘመድ ቤት ያረፉ ሰዎች በየትኛውም መዝገብ አለመኖራቸው፣ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን በተወካይ ሲቀበሉ ድርሻቸው መንገድ ላይ መቅረቱ፣ ሁሉም የታወቁ ችግሮች ናቸው። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ስለማያውቅ ዝርዝሩን ሊያርም አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው ዝርዝሩ በግልጽ እንዲነበብ መጠየቅ፣ ከስርጭቱ በኋላም በየቤቱ እየዞሩ የደረሰውን መጠን መመዝገብ ነው። ይህ ሥራ ፎቶግራፍ የለውም፤ በረከት ግን አለው።

ነገሩ አዲስ ችግር እንዳልሆነ ክርስቲያን አንባቢ ያውቃል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት በዕለት ተዕለቱ የምግብ አገልግሎት ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው ችላ ተባሉ ብለው በማንጎራጎራቸው ነበር። ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ እምነት ጉድለት አልቆጠሩትም፤ የታመኑ ሰዎችን ለይተው ኃላፊነቱን ሰጧቸው እንጂ። በእኛም ዘመን፣ በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የእርዳታ እህል ከተገቢው ሰው እጅ እየወጣ መሆኑን ደረስንበት በማለት ስርጭታቸውን ለወራት አቁመው እንደነበር ይታወሳል፤ ያን ጊዜ ዋጋውን የከፈለው ከስርቆቱ ምንም ያላገኘው ተረጂ ነው። እህል ላይ የሚፈጸም ስሕተት እንደ ጠማማ ግድግዳ ቆሞ የሚታይና በሚቀጥለው ወር የሚታረም አይደለም። የተዘለለው ቤተሰብ ያን ወር ጾሙን ያድራል። ለጀማሪ ቤቱን የምመክረው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

በበዓላት ሰሞን የሚደረገው ማዕድ ማጋራት ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ለገና ወይም ለትንሣኤ ዱቄት፣ ዘይትና ዶሮ ይዞ ለታወቁ አረጋውያን ማድረስ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መልካም ነው፤ ለዚህ ሲባል ግን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አያስፈልግም። የደሴ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማኅበራት በደንብ ይሠሩታልና ገንዘቡን ለእነርሱ መላክ ይበቃል።

ከሙስሊም ጎረቤት ጋር

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤተሰብ ውስጥም አብረው ይኖራሉ፤ በጋብቻ ይተሳሰራሉ፤ ለቀብርም አብረው ይወጣሉ። በመሆኑም ከሁለቱ ጉዞዎች የትኛውም ቢመረጥ «የምንረዳው የእኛን ሰዎች ነው» የሚል ቡድን በዚህ አገር ቦታ የለውም። ብዙ ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ጭምር የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የቀይ መስቀልና የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሥነ ምግባር መመሪያ፣ እርዳታ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግበት በችግር መጠን ብቻ እንዲሰጥና ለአንድ ሃይማኖት ማራመጃ እንዳይውል ይደነግጋል። አዘጋጁ ይህን መመሪያ መቀበሉን መጠየቅ ተገቢ ነው። እህል ከሚታደልበት ሰልፍ ላይ ስብከት ማድረግ፣ ወይም ቤቱ የሚታደስለትን ሰው በጉባኤ እንዲመሰክር መጠየቅ፣ የሰውየውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ነው፤ እንዲህ ካለው ጉዞ መቅረት ይሻላል። ጸሎቱ ከማለዳው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይደረግ፤ የሥራው ቦታ የሥራ ይሁን።

በተግባር ሲታይ፣ በዚህ ረገድ ቤቱ ቀለል ይላል፤ ጭቃ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ተብሎ አይለይም። ምግብ ግን ይለያል። አንዱ በሌላው እጅ የታረደ ሥጋ ስለማይበላ፣ በወሎ ድግስ ሁለት ቦታ ማረድ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የታሸገ ሥጋም ሆነ የታረደ ዶሮ በጋራ ስርጭት ውስጥ ሊገባ አይገባም። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ክክና ዘይት ለሁሉም ይሆናሉ። ወተት ያለበት ብስኩት ወይም የዱቄት ወተት በሁዳዴ 55 ቀናት ለኦርቶዶክሳውያን አዋቂዎች አይሆንም፤ በረመዳን ደግሞ ስርጭቱ ሰዉን እኩለ ቀን ላይ በረጅም ሰልፍ የሚያቆም መሆን የለበትም። ምንጊዜም ዝርዝሩ በቀበሌው ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ሃይማኖት አባላት ባሉበት ቅሬ ፊት የተነበበ ከሆነ የሚነሣው ቅሬታ ይቀንሳል።

ወቅቱና መንገዱ

የተማሪው ዕረፍት የሚውለው ክረምት ላይ ስለሆነ የበጎ ፈቃድ ጥሪውም ክረምት ላይ ይበዛል። ለቤት ሥራ ግን ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉ የከፉ ወራት ናቸው፤ ምርጉ አይደርቅም፣ መሠረቱ ውኃ ይቋጥራል፣ አይሱዙው ከአስፋልቱ ሲወጣ ጭቃ ይይዘዋል። በክረምት ሊሠራ የሚችለው የሚያፈስ ጣሪያ ቆርቆሮ መለወጥ ብቻ ነው። ለግድግዳ የሚመቸው ጊዜ እህል ተወቅቶ ጭድ ከተገኘበት ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መግቢያ ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ በተለይ በወሎ ደጋዎች የበልጉ ዝናብ ሊጀምር ይችላል። የእህል ችግር ግን የሚበረታው በተቃራኒው የመኸር ምርት ባልደረሰበት ክረምት ነው፤ ስለዚህ የክረምት ዕረፍት ብቻ ያለው ሰው፣ ሙያው ከፈቀደለት፣ ከላይ ባልኩት መልኩ የስርጭቱን ሥራ ቢመርጥ ትክክል ነው።

መስከረም 21 በግሸን፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ በላሊበላ ተሳላሚው ስለሚበዛ መኪናና ማደሪያ በእነዚያ ሰሞኖች ይጠፋል፤ ዋጋውም ይንራል። ንግሡንና አገልግሎቱን አጣምሮ መሄድ የሚማርክ ሐሳብ ቢሆንም፣ ለሁለት የተከፈለ ቡድን አንዱንም በወጉ አይሠራም። የደሴ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል አገር የሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድንጋይ ባይሸከም ይመረጣል፤ ወደ ቆቦ፣ ቃሉ ወይም ባቲ የሚወርድ ደግሞ የወባ መከላከያውን አይርሳ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገድ ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ይህን በሚመለከት የሚታመነው ከአዲስ አበባ የሚሰጥ ማረጋገጫ ሳይሆን በቦታው ያለው አስተናጋጅ ቃል ነው። «ዛሬ አትምጡ» ያለን አስተናጋጅ መለመን አይገባም፤ እንግዳን ለመጠበቅ ሲባል አደጋ ላይ የሚወድቀው እርሱ ነውና።

በማን በኩል

ሦስት መንገዶች አሉ። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሀገረ ስብከት ጉዞ ሰዉን በማወቅ የሚወዳደረው የለም፤ የድሃዋን ቤት ካህኑም ዲያቆኑም ያውቁታል፤ ደካማ ጎኑ የሒሳብ አያያዙና ከአጥቢያው ውጭ ያሉትን የመዘንጋት አደጋው ነው። የልማት ኮሚሽኖቹ፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ወይም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን፣ በእህል ረገድ ልምድና መዋቅር ስላላቸው ስርጭትን ለሚመርጥ ሰው ይሻላሉ፤ ለጥቂት ቀናት የሚመጣን እንግዳ ለማስተናገድ ግን ጊዜ ላይኖራቸው ይችላል። ሦስተኛዎቹ ጉዞ አዘጋጅ ቡድኖች ናቸው፤ እነዚህ ምዝገባውንና ማደሪያውን ያቀልላሉ፤ ከሁሉም በላይ ጥያቄ ሊቀርብላቸው የሚገባውም እነርሱ ናቸው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆነው የተመዘገቡ ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን የምዝገባ ሰርተፊኬት ማሳየት አለባቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረትም የአስተዳደር ወጪያቸው ከገቢያቸው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ገንዘቡን በተመለከተ የምከተለው ሚዛን አጭር ነው። ከአዘጋጁ ሦስት መስመር ብቻ ያለው ዝርዝር ይጠየቅ፦ ለጉዞና ለማደሪያ የሚውለው፣ ለቁሳቁስ ወይም ለእህል የሚውለው፣ ለአካባቢ ባለሙያ የሚከፈለው። የመጀመሪያው መስመር ከቀሪዎቹ ሁለት ድምር ከበለጠ፣ ጉዞው የተጓዡን ፍላጎት የሚያሟላ እንጂ የወሎን ችግር የሚያቃልል አይደለም። ከውጭ አገር በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ይህ ሚዛን መደፋቱ የማይቀር ነው፤ እርሱ የሚመጣው ለዘመድ ጥየቃም ከሆነና ትኬቱን በሌላ ምክንያት የቆረጠ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ቆርቆሮና ሚስማር ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ ቢገዛ ማጓጓዣው ይቀንሳል፣ የአካባቢው ነጋዴም ይጠቀማል። እህል ግን በክረምት ከትንሽ የገጠር ገበያ በአንድ ጊዜ ብዙ ኩንታል ከተገዛ ዋጋው ለሌላው ድሃ ስለሚወደድ፣ ምርት ከተረፈበት አካባቢ ቢመጣ ይመረጣል።

ምርጫው ለማን

ተማሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ጉልበት ብቻ ያለው ሰው፣ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ቢያንስ ዐሥር ቀን ማግኘት ከቻለ፣ በአጥቢያ በኩል ወደሚካሄድ የእንጨትና ጭቃ ቤት ሥራ ይሂድ። የሒሳብ ባለሙያ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ነርስ ወይም ሾፌር ከሆነ በልማት ኮሚሽን ሥር በስርጭትና በክትትል ቢመደብ የበለጠ ይጠቅማል፤ ነርሷ ሰልፍ ላይ የቆሙትን እርጉዞችና ሕፃናት ብቻ ብትለይ እንኳን የማንም ጆንያ ተሸካሚ የማይተካው ሥራ ነው። አናጺ፣ ግንበኛ ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የትኛውንም ወቅት ሳይጠብቅ ቢሄድ ይፈለጋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከዐሥር ጀማሪ ይበልጣል። አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ባይሄድ ይሻላል፤ ይህን ስል ቅር የሚሰኝ እንደሚኖር አውቃለሁ።

ፎቶግራፍን በሚመለከት ለሁለቱም ጉዞ አንድ ደንብ ይበቃል። ጆንያ የተቀበለች እናትም ሆነች አሮጌ ቤቷ እየፈረሰ ያለች አሮጊት ፊቷ አይነሣ፤ የሕፃናት ደግሞ ፈጽሞ አይነሣ። ለስፖንሰር ማሳየት የሚያስፈልግ ከሆነ የቆመውን ግድግዳ፣ የተፈረመውን የርክክብ ሰነድና የሚዛኑን ንባብ ማንሣት ይቻላል።

ከመክፈል በፊት የመጨረሻው ማረጋገጫ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ መያዝ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ወሎ የሚደረግ ጉዞ የመሰረዝ ዕድሉ ቀላል ስላልሆነ፣ የቁሳቁሱ ድርሻ በማንኛውም ሁኔታ ለተመረጠው ቤት ወይም ለተመዘገቡት ቤተሰቦች እንዲውል፣ የጉዞው ድርሻ ደግሞ ለተጓዡ እንዲመለስ ወይም በእርሱ ፈቃድ ለአናጺው አበል እንዲዛወር የሚል አንቀጽ ያለው ስምምነት ይፈረም። እንዲህ ያለ አንቀጽ ለመጨመር የሚያንገራግር አዘጋጅ ካጋጠመ፣ ከቀሩት ሁለት መንገዶች አንዱን መመልከት ይቻላል።